«ትልቁ ፖምፓ ሞቷል» የተባለላት ማሲ

ትራክተሯ ማሲ ፈርጉሰን 135 ናት። ባለቤቷ አጎቴ ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ማሲዋ የምታድረው አርሲ ውስጥ፣ ከኢተያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ሥራዋ የስንዴ መሬት ማረስ ነው። በግንቦትና በሰኔ የጋሼን መሬት ከጨረሰች በኋላ የጎረቤት መሬት በኪራይ ታርሳለች። በእነዚያ ሁለት ወራት ማሲዋ ቆመች ማለት የቤቱ ገቢ ቆመ ማለት ነው።

የቆመችውም በግንቦት ነው።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ብዙ ከለፋ በኋላ ትነሳለች። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻዋን ይዛ ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ታርሳለች። ከዚያ ድምጿ ይለወጣል። ጉልበት ታጣለች፣ ትንገጫገጫለች፣ በመጨረሻ ትጠፋለች። ሹፌሩ ይወርዳል፣ ናፍጣ መኖሩን ያያል፣ ትንሽ ያርፋል። እንደገና ሲያስነሳት ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ለሌላ ግማሽ ሰዓት።

ከከተማ የመጣ መካኒክ አዳመጣትና «ትልቁ ፖምፓ ሞቷል፣ ስትሞቅ የምትጠፋው ለዚህ ነው» አለ። ለማያውቅ ሰው፦ ትልቁ ፖምፓ የሚባለው ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሎቹ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት፣ የሚልከው ነው። ትንሿ ፖምፓ ደግሞ ከታንከር ስባ ለትልቁ የምታቀብለዋ ናት። መፍትሔ የተባለው ትልቁን ፈትቶ ወደ አዳማ ወይም አዲስ አበባ መላክ፣ ካልዳነም መለወጥ ነበር። ዋጋው ሲነገራቸው ጋሼ ዝም አሉ። በማግስቱ በሬ የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀመሩ። ወሬው እኔ ጋ የደረሰው በበሬው በኩል ነው።

ስለ ማሲዋ ትንሽ ልበል። የዚህ ሞዴል ምርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ውስጥ እስከ 1975 ተሠርታለች። ሞተሯ ፐርኪንስ ነው፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር፣ ወደ 45 የፈረስ ጉልበት ያለው። ዛሬ ከሚገቡት ትራክተሮች አጠገብ ስትቆም ትንሽ ናት። ኮምፒዩተር የላትም፣ ሴንሰር የላትም። ቁልፍና ካቻቢቴ ያለው ትዕግሥተኛ ሰው ብዙውን ነገር ጓሮ ውስጥ ይሠራዋል። ዕቃዋም አልጠፋም። ኮቨንትሪ ቢተዋትም የእሷ ዝርያ በፈቃድ በሌላ አገር መሠራቱ ቀጥሎ ነበር፤ ሕንድ ውስጥ ታፌ፣ ፓኪስታን ውስጥ ሚላት፣ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ አይኤምቲ። ፊልትሮ ፈልጎ ሱቅ የገባ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም።

አርሲም ለትራክተር አዲስ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ሰው «ካዱ» የሚለው፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይዞ መጣ። ባለመሬቶች ትራክተር መግዛት ጀመሩ። ትራክተር በገባበት መሬት ላይ የነበረው ጭሰኛ ግን ብዙ ጊዜ ለቆ ወጣ። ለዚህ ነው የዚያን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ማሲን በፍቅር ብቻ የማያነሷት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ትላልቅ እርሻዎችም ወደ መንግሥት ዞሩ። የጋሼ ማሲ የመንግሥት እርሻ ላይ ከርማ፣ በኋላ በጨረታ የተሸጠች ናት። ስንት ሰዓት እንደሠራች የሚያውቅ የለም። ሰዓት ቆጣሪዋ ከቆመ ቆይቷል።

አሁን ወደ ፖምፓው።

መካኒኩ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። የማሲዋ ትልቁ ፖምፓ ካቭ ዲፒኤ የሚባለው ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ዘንግ አለ፤ ዘንጉና ቤቱ ፀጉር በማያስገባ ልክ ተጠጋግተዋል። የራሱ ዘይት የለውም። የሚያለሰልሰው በውስጡ የሚያልፈው ናፍጣ ነው። ቆሻሻ ወይም ውኃ ሲገባበት ይበላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ከጠጣም ይበላል፤ ነጭ ጋዝ ደረቅ ነው፣ አያለሰልስም። የተበላ ፖምፓ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል። የቀጠነው ናፍጣ በሰፋው ክፍተት ሾልኮ ይመለሳል፤ ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት ይጠፋል። «ስትሞቅ» የሚል ቃል የሰማ መካኒክ ዓይኑ ፖምፓው ላይ ማረፉ ያለ ነገር ነው።

ልዩነቱ ግን እዚህ ጋ ነው። የተበላ ዲፒኤ ራሱን የሚያጋልጠው ሞተሩ እየሠራ ሳለ አይደለም። ሞቆ ከጠፋ በኋላ እንደገና ሲያስነሱት ነው። በሞተሪኖ ሲዞር ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ አይበቃም። ባትሪ እስኪያልቅ ቢሞከር አይነሳም፤ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። አንዴ ከተነሳ ግን ይሠራል። የቆዩ መካኒኮች እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርገው ይሞክራሉ። ሲቀዘቅዝ ከተነሳ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። የጋሼ ማሲ የምታደርገው ተቃራኒውን ነው። እየሠራች ትጠፋለች፤ ገና ትኩስ እንደሆነች ትነሳለች። ይህ የፖምፓ መበላት ጠባይ አይደለም። ናፍጣ ቀስ በቀስ የተቋረጠበት ሞተር ጠባይ ነው።

ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው፣ ጆሮው ጥሩ ነው። ጠየቅሁት።

«ስትጠፋብህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ታንከሩን ከፍቼ ናፍጣ አያለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ክዳኑ ሲከፈት እኮ ትተነፍሳለች።»

ጋሼ ሳቁ። «ሲደክማት ነዋ» አሉ።

ክዳኑን አወጣሁት። የራሷ አይደለም። የማሲ የራሷ ክዳን አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ይሄኛው ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ልክ ስላልሆነ ሥሩ ፌስታል ተደርጎበታል። ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ናፍጣ ጠጥቶ ደርቋል፣ ቀለሙ ሻይ መስሏል፣ የታንከሩ አፍ ክብ ሆኖ ታትሞበታል። ዳር ዳሩን ጭቃ ሞልቶታል። ያደረገው ሰው በደንብ ነው ያደረገው፤ ትንኝ የምታልፍበት ቀዳዳ አልተወም።

ናፍጣ ከታንከር ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንከሩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ናፍጣውን ወደኋላ ይይዘዋል። ትንሿ ፖምፓ ለጥቂት ጊዜ ትታገለዋለች፣ ከዚያ ትሸነፋለች። ሥራ ሲከብድ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ስለሚፈልግ የምትሸነፈው በእርሻ ላይ ነው። ጓሮ ውስጥ ቆማ ስታጉረመርም ምንም የላትም። መካኒኩ ያዳመጣት ደግሞ ጓሮ ውስጥ ነው።

ክዳን አይቶ «አገኘሁት» ማለት ግን አይበቃም። አሮጌ ትራክተር ላይ አንድ ጥፋት ብቻውን አይገኝም። መጀመሪያ እስክትጠፋ አሳረስናት። ስትጠፋ ታንከሩን ማንም እንዳይነካ አልኩ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጌ የትንሿን ፖምፓ የእጅ ማንሻ መታ መታ አደረግሁ። ጥቂት ጠብታ ወጣ፣ ቆመ። አሁን ሹፌሩ ክዳኑን ከፈተ። ፉስስ አለ። ወዲያው ናፍጣው በብሎኗ ሥር ወረደ። ጋሼ ከዚህ በኋላ በሬ ስለመሸጥ አላነሱም።

ሁለተኛው ፈተና ትልቁን ፖምፓ ነፃ የሚያወጣው ነው። ታንከሩንና ትንሿን ፖምፓ ዘለልናቸው። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጄሪካን ከፊልትሮው ከፍ አድርገን፣ ከማርሚታው አርቀን አሰርን። በጎማ ቱቦ በቀጥታ ከፊልትሮው መግቢያ ጋር አገናኘነው። ከጠዋት እስከ ቡና ሰዓት አረሰች፤ አንዴም አልጠፋችም። ሞቃ ሳለች አጥፍተን አስነሳናት፤ በአንድ ዙር ተነሳች። የሞተ ፖምፓ እንዲህ አይሠራም። ይህን ፈተና ለማንም የምመክረው ለዚህ ነው። ዋጋው የጄሪካንና የቱቦ ነው፤ የሚያድነው ደግሞ ፖምፓ ነው።

ጋሼ እዚህ ላይ እንድናበቃ ፈለጉ። ፌስታሉ ወጣ፣ ክዳኑ ተበሳ፣ ነገ እርሻ አለ። እውነታቸውን ነው። ግን ክዳኑ ከመለወጡ በፊት ታንከሩ ስንት ክረምት በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ እንደከረመ ራሳቸው ነግረውኛል። ውስጡ ምን እንዳለ ሳያዩ መቀጠል ፖምፓውን ለእውነተኛ ሞት ማዘጋጀት ነው።

ታንከሩ ከኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ በላይ ነው። አውርደን ገለበጥነው። መጀመሪያ ደህና ናፍጣ ወጣ። ከዚያ ውኃ። ከዚያ ጥቁርና የሚያሟልጭ ነገር፣ ከዝገት ዱቄት ጋር። ያ የሚያሟልጭ ነገር ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም። ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ የሚራቡ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው የሚሠሩት። መውጫው ላይ ያለችው ወንፊት ግማሿ ተደፍኗል። ታንከሩን በንጹሕ ጠጠርና በጥቂት ናፍጣ ሞልተን ሁለት ሰው እየያዘ ናጠው። ጠጠሩን ቆጥሮ ማስገባት፣ ቆጥሮም ማውጣት ያስፈልጋል። የቀረች አንዲት ጠጠር መውጫውን ትዘጋለች። እስኪጠራ ደጋግመን አለቀለቅነው። በውኃ ማጠብ የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልወድም፤ አሮጌ ብረት ውስጥ የገባ ውኃ ሙሉ በሙሉ ወጣ ብዬ አላምንም።

የትንሿ ፖምፓ ሽፋንም ተፈታ። ውስጧ ያለችው ላስቲክ ደርቃ ጠርዟ ላይ ተሰነጣጥቃለች። ስለዚህ ጥፋቱ ሁለት ነበር። ክዳኑ አነቃት፣ የደከመችው ፖምፓ ደግሞ መታገል አልቻለችም። ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ማሲዋ ምናልባት ረጅም ሰዓት ታርስ ነበር፤ ምክንያቱንም ማግኘት ይበልጥ ይከብድ ነበር። ላስቲኳ፣ ፊልትሮውና ቱቦዎቹ ተለወጡ። የመዳብ ቀለበቶቹም አብረው ተለወጡ። ስለ ቀለበቶቹ ሰው ይሰስታል። የተጨፈለቀች ቀለበት ናፍጣ ሳታፈስ አየር ልታስገባ ትችላለች። ከውጭ ደረቅ ሆና ስለምትታይ ማንም አይጠረጥራትም።

የናፍጣ መስመር ከተከፈተ በኋላ አየር ማስወጣት ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚንገላታው እዚህ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ቅደም ተከተሉ ናፍጣው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ከታንከር ወደ ኖዝል። መጀመሪያ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን ላላ ማድረግና የእጅ ማንሻዋን መምታት፤ አረፋ ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ ሲወርድ፣ እየወረደ ሳለ ማጥበቅ። ቀጥሎ ትልቁ ፖምፓ ላይ ያሉትን ብሎኖች፣ መጀመሪያ የታችኛውን፣ ከዚያ የላይኛውን። በመጨረሻ የኖዝሎቹን ቱቦ ዳዶ ግማሽ ዙር ላላ ማድረግ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ መክፈት፣ የማጥፊያውን መጎተቻ ወደ ውስጥ መግፋት፣ ሞተሪኖውን ማዞር። ናፍጣ ከዳዶዎቹ ሥር ትፍ ትፍ ሲል ማጥበቅ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሳይጠብቅ ትነሳለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። የእጅ ማንሻዋ ክብደት ከሌላት፣ ዝም ብላ የምትወላወል ከሆነች፣ ፖምፓዋ ተበላሽታ ላይሆን ይችላል። ከውስጥ የሚገፋት ካም ጫፍ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ሞተሩን አንድ ዙር ማዞር ነው። ሌላው፦ እየሠራ ባለ ሞተር የኖዝል ቱቦ ላይ ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም። ከዚያ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፤ ጣት የሚያስቆርጥ ነው። ካርቶን ይዞ መፈለግ ይሻላል።

ማሲዋ ተነሳች፣ መጥፋት አቆመች። አሁን ግን ጥቁር ጭስ ጎልቶ ታየ። ናፍጣው በደንብ ሲደርሳት የአየሩ ማነስ ተጋለጠ። የማሲ አየር ፊልትሮ ዘይት ውስጥ አየሩን እያሳለፈ አቧራውን የሚያስቀር ነው። ሥሩ ያለችው ሳህን በእርሻ ጊዜ በየቀኑ ትታያለች። የጋሼን ሳህን ስናወርድ ዘይት የለም፤ ያለው ጭቃ ነው፤ ካቻቢቴው ቆሞበታል። የሚያስፈራው ግን ይሄ አልነበረም። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ጎማ ተቀድዶ በጨርቅ ታስሯል። የተዘጋ ፊልትሮ ጉልበት ነው የሚቀንስ። የተቀደደ ጎማ ግን የአርሲን አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ፋሻና ካሚቻ (የፒስተኑን ቀለበቶችና የሲሊንደሩን ሽፋን) የሚበላው እሱ ነው። ጎማው በአዲስ ተለወጠ። ሳህኗ ታጥባ እስከ ምልክቷ ዘይት ተሞላች። ከምልክቱ አሳልፎ መሙላት ጥሩ የሚመስለው ሰው አለ፤ ሞተሩ የተረፈውን ዘይት ሊስበውና ያለ ናፍጣ ሊቃጠልበት ይችላል። እንዲህ ያበደ ናፍጣ ሞተር በማጥፊያው አይቆምም።

በዚህ መሐል አንድ ጎረቤት መጥቶ «ፖምፓው ላይ ያለችውን ብሎን ትንሽ ቢከፍቷት ጉልበት ትጨምራለች» አለ። ኢተያ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። 45 ተብሎ የተጻፈው ሲፈተን የነበረው ዝቅ ባለ አገር ነው። አየሩ ሳይጨምር ናፍጣ ቢጨመር የሚጨምረው ጭስና የናፍጣ ወጪ ነው። ይልቅ ማረሻው ጥልቀቱን መቀነስ ይሻላል። ጋሼ በዚህ አልተስማሙም። መሬቱ ሲደርቅ ግን እሳቸውም አንድ ዲስክ ያነሳሉ።

የጠዋቱ ችግር ቀላል ሆኖ ተገኘ። ማሲዋ አየር መግቢያዋ ላይ ናፍጣ አቃጥላ አየሩን የምታሞቅ ትንሽ ዕቃ አላት፤ ወደ እሷ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል። ሽቦው ተቀጠለ። ቁልፉን ማሞቂያው ላይ አድርጎ 15 ወይም 20 ሰከንድ መጠበቅ ሹፌሩ አዲስ ልማድ ሆነበት። የቫልቮላ ክፍተትም ተለካ። በቀዝቃዛ ሞተር 0.30 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ አንዱ ጨርሶ ክፍተት አልነበረውም። እሱ ሲስተካከል በሦስቱ ሲሊንደሮች መካከል የነበረው መንገጫገጭ ጠፋ። ኖዝሎቹ አልተነኩም። ጭሱ ከጠራ፣ ድምፁ ከተስተካከለ፣ በግንቦት ኖዝል መፍታት ሥራ መፈለግ ነው። ሞተሩንም እንደዚሁ። የዘይት መሙያው ሲከፈት ትንሽ ጭስ ይወጣል፤ ፋሻዎቹ አርጅተዋል። ይህን ያህል ግን ይኑርባት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆጣ ብያለሁ። ሹፌሩ ማሲዋን የሚያስነሳት መሬት ቆሞ፣ ከኋላ ጎማው ፊት፣ የሞተሪኖውን ሁለት ዳዶ በካቻቢቴ እያገናኘ ነበር። ማሲ ማርሽ ውስጥ እያለች እንዳትነሳ የሚከለክል ማብሪያ አላት። ካቻቢቴው እሱን ይዘልለዋል። ማርሽ ገብቶ ከነበረ ትራክተሯ ትነሳና ትሄዳለች፤ የቆመው ሰው ደግሞ ጎማው ፊት ነው። ናፍጣ ሞተር ወዲያው ይነሳል፤ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። በዚህ የሞቱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ማብሪያው ዝጎ ስለነበር ነው ልጁ ወደ ካቻቢቴ የሄደው። ማብሪያው ተቀየረ። ካቻቢቴውን ጋሼ ወሰዱት።

ሃይድሮሊኩ ሌላ ታሪክ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። ማረሻውን የሚያነሱት ክንዶች ደክመዋል። ማሲ ውስጥ ካምቢዮው፣ የኋላ አክሱና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት፤ ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ። የመለኪያ ዘንጉ ሲወጣ ዘይቱ ወተት መስሏል። ውኃ ገብቶበታል። የገባው በማርሽ ዘንጉ ሥር ባለው የተቀደደ ላስቲክ ነው፤ የቆርቆሮው ጥላ ከመሠራቱ በፊት ስንት ክረምት ውጭ አድራለች። ዘይቱ ተደፋ፣ አዲስ ተሞላ። ላስቲኩ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ተሠራ፣ በሽቦ ታሰረ። ክንዶቹ ተነሱ። በማግስቱ ሹፌሩ «ሃይድሮሊኩ እንደገና ሞተ» ብሎ ደወለ። ፒቲኦ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ለሚገጠም ዕቃ የሚሰጠውን፣ የምታስገባዋ ዘንግ መሐል ላይ ቆማ ነበር። የማሲ የሃይድሮሊክ ፖምፓ የሚዞረው በዚያው ዘንግ በኩል ነው፤ መሐል ላይ ከሆነች ክንዶቹ አይነሱም። ማሲ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ይያዛል።

ለሁሉም የወጣው ገንዘብ ለፖምፓው ከተጠየቀው በጣም ያነሰ ነው። ትልቁ ወጪ የሃይድሮሊክ ዘይቱ ነበር። መካኒኩ በኋላ መጥቶ ፌስታሉን አሳየነው። አገላብጦ አየውና «ይሄን ማን አሰበው» አለ። ከጋሼ ጋር አልተቀያየሙም።

በቤቱ የተለወጠው ልማድ ይበልጣል ባይ ነኝ። ናፍጣ የሚመጣው በበርሜል ነው። አሁን በርሜሉ በመጣ ቀን አይቀዳም፤ ያድራል፣ ውኃውና ቆሻሻው ይረጋል። የሚቀዳው ከላይ ነው፣ በጨርቅ ተጣርቶ፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር አይነካም። ታንከሩ የሚሞላው ማታ ነው። ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው አየር በሌሊቱ ብርድ ውኃ ይቋጥራል። የሞተር ዘይት በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል። ሰዓት ቆጣሪ ስለሌለ ሹፌሩ ያረሰበትን ቀን በደብተር ላይ በሰረዝ ይይዛል፤ በእርሻ ወቅት ወደ ሁለት ሳምንት ይመጣል። የፊት አክሱ መሐል ላይ ያለችው የግራሶ መውጊያ ከተረሳች ብዙ ጊዜዋ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ግራሶ አልገባትም፤ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በናፍጣ ርሳ ካደረች በኋላ ነው የተቀበለችው።

የቀረ አለ። የቀኙ ፍሬን ይንሸራተታል፤ ከኋላ አክሱ የሚያፈሰው ዘይት የፍሬኑ ጫማ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ በጋሪ እህል እንዳትጭን ተስማምተናል። ፍሪሲዮኑም ከባድ መሬት ላይ ማንሸራተት ጀምሯል። ማሲ 135 ላይ ፍሪሲዮን ለመለወጥ ትራክተሯ ወገቧ ላይ ለሁለት ትከፈላለች። የፊት አክሱ በሁለቱም በኩል በእንጨት ሽብልቅ ተወጥሮ፣ ሞተሩ በአንድ ክሪክ፣ ካምቢዮው በሌላ ተይዞ። ሊሾ መሬት ይፈልጋል፤ የጓሮው አፈር አይሆንም። እሱ ከአጨዳ በኋላ ነው። ጋሼ እስከዚያ ሲሚንቶ ሊያስፈስሱ ነው። ፍሪሲዮኑን፣ ኩሽኔታውንና የአክስ ላስቲኮቹን ደግሞ ትራክተሯ ከመከፈሏ በፊት ገዝቼ እንድልክ ታዝዣለሁ።